የጨረጨራው በረኛ

አባቴ ይርዳው ቸኮል፣ ሃያ ሁለት ክረምት
ጨረጨራ ቆሞ በር ሲዘጋ ሲከፍት፣
እጁ ግራሶ ጠጥቶ፣ ጆሮው ውሃ ለምዶ፣
ዝም ብሎ ይገባል ቤት፣ ዝም ብሎ ይወጣል ማልዶ።
አንድ ማታ ግን ግድቡ ጫፍ ላይ አቁሞኝ፣
ሐይቁን በጣቱ ዞሮ እንዲህ ሲል ነገረኝ፦

«ግልገል አባይ ከደቡብ፣ መገጭ ከሰሜን ይመጣል፣
ርብ ከነጉማራ ጭቃ ተሸክሞ ይገባል፤
ለመግባት ማን ፈቃድ ጠይቆ ያውቃል?
መውጫው ግን እዚህ ነው፣ እዚህ እኔ ዘንድ ብቻ፤
ሰባት በር፣ አንድ አቅጣጫ።»

ሰባት ዓመቴ ነበር። በሮቹን ከመቁጠር ሌላ ምንም አልገባኝም።

ዛሬ ፔዳ ግቢ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
የበቆሎ ቡቃያ በአጉሊ መነጽር ሳይ
ያ የጣቱ ዙሪያ ድንገት ከፊቴ ወጣ።

ኦክሲን ይሉታል፤ ሆርሞን ነው፣ የእድገት መልእክተኛ፣
ከቡቃያው ጫፍ ተነስቶ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ።
በህዋስና ህዋስ መሃል፣ ግንቡን ያራሰው ጠል
እንደ ሎሚ ውሃ ትንሽ ትንሽ ይኮመጥጣል፤
እዚያ ፕሮቶን ይደርባል፣ አንዲት ቅንጣት ጋቢ፤
ደርቦ ሲመጣ ይመስላል የቤት ልጅ፣
ቅባታሙ ገለፈት አያቆመውም ከደጅ።

ይገባል።

ውስጡ ግን እንደ ውጪው አይኮመጥጥም፤ ጋቢው ይወልቃል፤
የደበቀው ቻርጅ ራቁቱን ይቀራል፤
ዞሮ ልውጣ ቢል ያው ገለፈት፣ ያው ቅባት፣
«አላውቅህም» ይለዋል አሁን ያስገባው ቤት።

መግባቱ እንደ ጣና ነው፣ ከላይም ከጎንም፤
መውጣቱ ግን ከህዋሱ ግርጌ
በተሰለፉ ፕሮቲኖች እጅ ነው።
በረኞች ናቸው። ይርዳው ቸኮል ናቸው።
መጽሐፉ ሌላ ስም አውጥቶላቸዋል፤
እኔ በእርሳስ ከኅዳጉ ላይ «አባዬ» ብዬ ጻፍኩባቸው።

ትናንት ሁለት ቡቃያ ለመስኮቱ ብርሃን ሰጠሁ፣
አንዱን በንጹህ ውሃ፣ አንዱን በመድኃኒት፣
በረኛውን በሚያስር ነጭ ዱቄት።
ንጹሁን ብታዩት! በሮቹ ወደ ጥላው ዞሩ፣
መልእክቱም በጨለማው ጎን አደረ፣
የጨለመው ጎን ረዘመ፤ ለዚህ ነው ወደ ብርሃን ያጎነበሰው።
እኔ እስከ ዛሬ ፀሐይ ስባው ይመስለኝ ነበር፤
ለካ የገፋው ጥላው ነው።

ሌላው ቡቃያ ቀጥ ብሎ ቆመ።
ሁሉም ገብቶለታል፣ ምንም አልጎደለው፤
የሚያስወጣው አጥቶ በሙላት ታመመ።

አሁን ገባኝ ያ ነሐሴ።
ወንድሜ ደርበው በታንኳ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር
አባቴ ሰባቱንም በር
ዘጋ።
ስልክ ተደወለ፤ ማዘዣ መጣ፤ ውሃው መለኪያውን አለፈ፤
«ልጄ ሐይቁ ውስጥ ነው፤ አባይ አይወስደውም» ብሎ
መዘውሩ ላይ ተደገፈ።
በሦስተኛው ቀን ታንኳ ሠሪው እንድሪስ
ከደንገሉ መሃል አቅፎት መጣ።
አባቴ ተቀበለው። አላለቀሰም።
ከቀብር መልስ ሄዶ በሮቹን አንድ በአንድ እስከ ጫፍ አነሳቸው፤
ያን ሌሊት አባይ ያገሣውን
የሰፈራችን ሰው ሁሉ ተነስቶ ሰማው።
በኋላ የሦስት ቀን ደመወዝ ቆረጡበት።

ዛሬ ሌሊት የታመመውን ቡቃያ
በንጹህ ውሃ ሦስቴ አጥቤ መስኮቱ ስር አስቀመጥኩት።
አስተማሪዬ ቢያዩ ይቆጣሉ፤ ሙከራው ተበላሽቷል።
ገና ቀጥ እንዳለ ነው። ምናልባት ነገ።

ከዚያ ደወልኩለት። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።
«አልተኛሽም?»
«አልተኛሁም። አባዬ፣ ያን ነሐሴ...»
ዝም አለ።
ከዝምታው ጀርባ ውሃ ይሰማኛል፤
ስንተኛው በር እንደሆነ እንጃ፣
አንዱ ክፍት ነው።